አምስት ኪሎ ጨው

ጦርነቱ ከወልድያ ራቅ ብሎ መንገድ የተከፈተ ሰሞን ነው። ወደ መርሳ በሚሄድ ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለችው ሴትዮ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

«ወረደ እኮ ልጄ! ደም ግፊቴ ወረደ! አሁን ተለክቼ መምጣቴ ነው።»

«በዚህ ጦርነት? የኔ እንደሆነ ጣራ ነክቷል። ምን ቢውጡ ነው አባባ?»

«ምን ይዋጣል! ክኒኑ ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፋ። ጨውም አብሮ ጠፋ። ጨው የሌለው ወጥ እየበላሁ ሚስቴን ሳማርር ከረምኩ።»

«ጨው በመቅረቱ ብቻ ወረደ?»

«መኪናስ የት ነበረና! ልጄ ያለችው ግራና ከተማ ነው፤ በሕይወት መኖሯን ለማየት በእግሬ ስመላለስ ነበር። የለካችኝ ነርስ ‹የጨዉ መቅረትና እግርዎ ናቸው ግፊቱን የያዙልዎት› አለችኝ። አልሐምዱሊላህ!»

«እንግዲህ ክኒኑን ደህና ሁን ይበሉታ!»

«ኧረ! ‹በዕድል ነው የተረፉት፤ ሁለተኛ እንዳያቋርጡ› ብላ ይኸው ሰጥታኛለች።»

«ታዲያ ይሄ ያቀፉት ከረጢት ምንድን ነው?»

«ጨው ነዋ! ገበያ ላይ ሳየው ደስ ብሎኝ አምስት ኪሎ ገዛሁ።»

«ጉድ ፈላ! ጦርነቱ የማረዎትን ሰውዬ ሰላሙ ሊገድልዎት ነው!»

ታክሲው በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ግን ከረጢቱን ትክ ብለው አዩት።

«ወራጅ አለ!»

«መርሳ እኮ ገና ነው አባባ!»

«አውቃለሁ፤ በእግሬ ልግባ። ጨዉን አንቺ ውሰጂው።»

«እኔ? ጣራ ነክቷል እያልኩዎት!»

ከረጢቱ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ እኔ ጭን ላይ ሲያርፍ ጨው የሚበዛበት የእናቴ ወጥ ትዝ አለኝና እኔም «ወራጅ አለ» ማለት አማረኝ።