የሚሸሸው እንከን

ዝናቡ ድንገት ወረደና ከማላውቃቸው ሴት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አስጠለለን። ሴትዮዋ በሻርፕ የጠቀለሉትን ላፕቶፕ በደረታቸው ይዘዋል። ከኋላችን በሩ ገርበብ ያለ የኮምፒውተር መጠገኛ ነበር።

«ይግቡ እንጂ፣ ዕቃዎ ይርሳል» አልኳቸው።

«መግባቱንስ እገባለሁ። ከገባሁ ግን ማስጠፋቴ ነው።»

«ምኑን?»

«እህቴን።»

ከዝናቡ ይልቅ ይህች ቃል በረደችኝ። ተከትያቸው ገባሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛዎቹ ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ማሽኖች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ክዳንም ስክሪንም የላቸውም፤ ማራገቢያቸው ግን ይሽከረከራል፣ ይቆማል፣ የተጠራ ይመስል እንደገና ይነሳል። ባለቤቱን ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይላቸዋል፤ በዚህ ሙያ የሸበቱ ሰው ናቸው። አብራቸው የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሙያውን ተምራ በቅርቡ የመጣች።

ሴትዮዋ ሻርፑን ፈቱ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አሉ። «እህቴ ስትሞት አጠገቧ አልነበርኩም። የሙሽራ ቀሚስ ልጨርስ ብዬ ቀረሁ። ከእሷ የቀረኝ ይህ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱንም በከፈትኩት ቁጥር ፊቷን ትደብቀኛለች። መጀመሪያ አፏ ጠፋ፤ አኩርፋኝ ነው አልኩ። በማግስቱ አፏ ተመለሰና ዓይኗ ጠፋ።»

ከፈቱት። መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ሴት ብቅ አለች። ከግንባሯ በታች ግራጫ መጋረጃ ወርዶባታል፤ ከመጋረጃው ሥር አገጯ ቦታውን ለቆ ወደ ትከሻዋ ተንሸራቷል።

ሐኪሙ ቀረብ ብለው አዩና ከስክሪኑ ጥግ ያለውን መመርመሪያ ፕሮግራም ነኩት። ዓይን ሳይጨፈን መልሱ መጣ፤ አረንጓዴ ምልክት፣ ከሥሩም «ጤነኛ ነው» የሚል ጽሑፍ። ጽሑፉ ከተሰነጠቀው ፊት ጎን በራ።

«ማሽኑ ምንም የለበትም፣ እትዬ» አሉ ሐኪሙ። «ይህን መመርመሪያ አምና የጫንኩልዎ እኔው ነኝ። የተበላሸው ፎቶው ነው።»

«እኔም በየቀኑ እጠይቀዋለሁ፤ ጤነኛ ነው ይለኛል። ማሽኑ ካልታመመ እንግዲያ እሷ ናት። አጥፉልኝ። በሰላም ትረፍ፣ እኔም ልረፍ።»

የሐኪሙ ጣት ከማጥፊያው ቁልፍ በላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እጅዎን ያንሱ» አለች የእህታቸው ልጅ።

«ደግሞ ምን ተገኘ?»

«እትዬ፣ ፎቶውን ይዝጉትና ደግመው ይክፈቱት።»

ሴትዮዋ ዘግተው ከፈቱት። አሁን ዓይኖቿ ተመልሰው ነበር፤ ቀጥ ብለው ያዩናል። አፏ ግን የለም። ከማሽኖቹ የአንዱ ማራገቢያ ቀጥ አለ።

«አዩ?» አለች ወጣቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንከኑ ሸሸ። የተቀደደ ፎቶ ቅዳዱ ቦታ አይለዋውጥም። እንከኑ የሚዞር ከሆነ ፎቶው ደኅና ነው፤ የታመመው አንባቢው፣ ማሽኑ ነው።»

«አንባቢውማ ጤነኛ ነኝ አለ!»

«ማን ነው ያለው፣ ጋሼ? ራሱ! መመርመሪያዎ የሚሠራው በዚያው በታመመው ማሽን ላይ ተቀምጦ ነው። ሰካራምን ‹ሰክረሃል ወይ?› ብለው ጠይቀው ‹ኧረ በጭራሽ› ሲል የመኪና ቁልፍ እንደማስረከብ ነው።»

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ! እኔ በዚህ ፕሮግራም ስንቱን ማሽን አድኛለሁ!»

«ያዳኑት በእጅዎ ነው። እሱ ሲያጨበጭብልዎ ነው የኖረው።»

ሽማግሌውን ግትር ብዬ አላልፋቸውም። መልሱ ፈጣን፣ ቀለሙ ለዓይን የሚመች ነገር ማን ይጠላል? ከወዳጆቻችንስ መካከል ደጋግመን የምንጎበኘው «ምንም አልሆንክም» የሚለንን አይደለምን? ጉዳቱ ይህ ነው፤ ሐሰተኛ ምስክር በሽታን ሸሽጎ ብቻ አይቀርም፣ በሽታውን ሌላ ሰው ላይ ይጥላል። እዚህም የጣለው በሞተች ሴት ላይ ነበር።

ወጣቷ መሳቢያዋን ሳበችና በወረቀት የተጠቀለለ ቀጭን ሰሌዳ አወጣች።

«ይህች ራም ናት» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ማሽኑ የከፈተውን ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚይዝባት። በሽተኛ መሆኗ የተረጋገጠ ነው። ጋሼ ጥለዋት ከቅርጫት ነው ያነሳኋት።»

የሐኪሙ ፊት ተለዋወጠ። «የሞተ ዕቃ እቤቴ አያድርም አላልኩሽም? ገድ የለውም!»

«የሞተችው ናት የሐኪሙን ዕውቀት የምትፈትነው። በሽታዋ አስቀድሞ የታወቀ ዕቃ ከሌለን፣ ከፕሮግራሞቹ የትኛው እውነት እንደሚናገር በምን እንለያለን?»

«እውነቷን ነው» አሉ ልብስ ሰፊዋ ሳይታሰብ። «የጨርቅ ሜትር በእጅ ብዛት ይለጠጣል። አልፎ አልፎ ከብረት ማስመሪያ ጋር ካላስተያየሁት የሁሉን ሰው ወገብ ቀጭን ያደርግልኛል። ደንበኛዬ ደስ ይላታል፤ ቀሚሱ ሲመጣ ግን አይዘጋም።»

«እሺ፣ ፈትኚው» አሉ ሐኪሙ በመጨረሻ። «ካፈርሽ ግን ወለሉን ትወለውያለሽ።»

በሽተኛዋን ራም የሱቁ ማሽን ላይ ሰካች። አረንጓዴው ፕሮግራም ወዲያው «ጤነኛ ነው» አለ። ሌላ ሞከረች፤ እሱ ደግሞ ስክሪኑን በቀይ ማስጠንቀቂያ ሞላው።

«ይኸው፣ ይሄኛው አገኘው!» አሉ ሐኪሙ።

«ይቆዩ።» ደኅናዋን ራም ተካችበት። ፕሮግራሙ አሁንም ያንኑ ዋይታ አሰማ፤ «ክፈሉና ልፈውስ» የሚልም ጨመረበት።

«ይሄስ ለቀስተኛ ነው!» ብለው ሐኪሙ ሳያስቡት ሳቁ።

በሽተኛዋን መልሳ ሦስተኛ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሳች። ስክሪኑ ጠቆረ። ነጫጭ መስመሮች አንድ በአንድ፣ በጨለማ ቤት ግድግዳውን እየዳበሰ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። ሴትዮዋ የሻርፓቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ ቀይ መስመር ወጣ፤ ቀጥሎም ሌላ። ደኅናዋን ስትሰካ ግን ያው ጉዞ ያለ አንዳች ቀይ ተፈጸመ።

«በሽተኛውን በሽተኛ፣ ጤነኛውን ጤነኛ ያለው ይህ ብቻ ነው» አለች። «የማሽኑን የራሱን ፕሮግራሞች ሳይቀሰቅስ ብቻውን ከፍላሽ ይነሳል። የሰው ንብረት ላይ አንዳች አይጽፍም። መመርመር ያልቻለውንም ‹አላየሁትም› ይላል። ጥፋቱ መዘግየቱ ነው።»

ፍላሹን በሴትዮዋ ላፕቶፕ ላይ ሰካችው። ቀዩ ገና ከጅምሩ ፈሰሰ።

«እኔ እኮ ሁልጊዜ መጀመሪያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ኋላ እመረምራለሁ» አሉ ሐኪሙ፤ ድምፃቸው ወርዷል።

«በታመመ ራም የተቀዳ ፎቶ በሽታውን ይዞት ይቀራል፣ ጋሼ። ዋናው ሲጠፋ ደግሞ እንከኑ መሸሹን ይተዋል። ለዘላለም።»

እሷ የላፕቶፑን ራም ስትለውጥ፣ ሐኪሙ ከመሳቢያ የወጣችውን በሽተኛ ራም እንደገና የሱቁ ማሽን ላይ ሰክተው አረንጓዴውን ፕሮግራም ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቁት። «ጤነኛ ነው» አለ። ቅድም ከቁልፉ በላይ ቆሞ የነበረው ጣታቸው አሁን ወረደ። ፕሮግራሙ ሲጠፋም ጤነኛ ነው እያለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ሳልፍ አያለሁ። ምርመራ ከቅጂ ይቀድማል። አዲስ መመርመሪያ ሲመጣ በደኅናና በበሽተኛ ዕቃ ሳይፈተን የሰው ማሽን ላይ አይወጣም። ደንበኛ ያልተበላሸ ዕቃ አይለወጥበትም፤ ያልጠፋ ነገርም «ጠፋ» ተብሎ አይቀበርበትም። ከሐኪሙ ወንበር በላይ፣ የሞተ ዕቃ በማያድርበት በዚያ ቤት፣ ሁለት በሽተኛ ራሞች በክር ተንጠልጥለዋል። «እነዚህ የኔ አስተማሪዎች ናቸው» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ።

ያን ዕለት ግን ላፕቶፑ ዳግም ሲበራ ፊታቸውን ያዞሩት ሴትዮዋ ነበሩ። «አንተ ክፈተው፣ ወንድሜ» አሉኝ።

ከፈትኩት። «ሙሉ ናት» አልኳቸው።

ዞሩ። እህታቸው አትስቅም፣ አትቆጣም፤ ታያለች። ሴትዮዋ ዘጉት፣ ከፈቱት፣ ደግመው ዘጉት።

«ኮሌታው ጠሟል» አሉ። «የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ‹ልፍታልሽና ላስተካክለው› ብላት ‹ተይው፣ ያንቺ እጅ መሆኑ ይታወቅ› አለችኝ።»

እንደገና ከፈቱት። ኮሌታው እዚያው፣ እንደጠመመ ነበር።