የጋሪ ነጂው የልጅ ልጅ

በደርግ ጊዜ ነው። ከመካኒሳ በጎፋ በኩል ወደ ሳሪስ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። በሩ ጋ የተቀመጡት ሽማግሌ ረዳት ፈገግታቸውን መደበቅ አቅቷቸዋል። ፊት ለፊታቸው ያለችው ሴት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ሹፌሯን አየሻት?»

«አየኋት። በዚህ መስመር ሴት ስትነዳ አይቼ አላውቅም።»

«ልጄ ናት። ዛሬ መጀመሯ ነው።»

«እውነትዎን ነው?»

«አባቴ በዚሁ መንገድ ጋሪ ይነዳ ነበር። እኔ ፈረሶቹን ሸጬ ይቺን መኪና ገዛሁ። ዓይኔ ሲደክም ለወንዱ ልጄ አስረከብኩት። እሱን ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱብኝ።»

«መኪናዋስ?»

«ግቢ ውስጥ ቆመች። ልሸጣት ስል ይቺ ልጅ ‹እኔ እነዳታለሁ› አለችኝ። ሴት ልጅ ታክሲ አትነዳም ብዬ ተቆጣኋት። ለካ ተደብቃ ተምራ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች።»

«ከዚያ እሺ አሉ?»

«የት እሺ እላለሁ! ወንድሟ ነው ለእረፍት ፈቃድ መጥቶ አብሯት ዞሮ ያያት። ዛሬ ማለዳ ወደ ግንባር ሲመለስ ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ለእሷ ሰጣት፤ እኔንም ‹አንተ ረዳቷ ነህ› ብሎ እዚህ አስቀመጠኝ።»

«አነዳዷ ታዲያ እንዴት ነው?»

«ከወንድሟም ከእኔም ትበልጣለች። ገና አልነገርኳትም።»

መውረጃዬ ጎፋ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል ሆን ብዬ አለፍኩት።