የወፎቹ ገጽ

በእኛ ጊዜ መጽሐፍ ማንበብ አልነበረም የሚያስፈራው፣ ያነበቡትን ማውራት ነበር። እኔ ደግሞ ምላሴን ታውቋታላችሁ፣ አርፋ ተቀምጣ አታውቅም።

ታዲያ ነገሩ የመጣው ከአንድ ካርቶን ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ አውስትራሊያውያን ባልና ሚስት ቤት ስምንት ዓመት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ባልየው የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር፣ እና አብዮቱ ፈነዳ፣ እና በሳምንት ውስጥ ጠቅልለው ሄዱ። ማዳም ስትሰናበተን «ሙሉ፣ ምን ልተውልሽ?» አለችኝ። ወጥ ቤቷ ፍሪጁን ጠየቀች፣ እኔ ጅሏ መጽሐፎቹን አልኩ። አትሳቁ! ፊደል የቆጠርኩት ልደታ ቅጥር ግቢ ውስጥ ከመሪጌታ ነው፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከልጆቹ፣ እነሱ ሲያጠኑ እኔ ካልሲያቸውን እየሰፋሁ። ሽፋኗ የወለቀ መዝገበ ቃላት ነበረችኝ፣ በሷ እየተንፏቀቅኩ አነበብኩት። ካርቶኑ ሙሉ የሀገራቸው ነገር ነው፣ ተረት የለበትም፣ ሁሉም በእውነት የሆነ ነው። አንዱ መሐረብ ሰረቅህ ተብሎ በመርከብ ስለተጋዘ ድኻ፣ አንዱ ባሏ ሞቶባት የበግ መንጋ ብቻዋን ስላረባች ሴት፣ አንዱ ደግሞ ግመል ጭነው በረሃ ሊያቋርጡ ስለተነሱ ሰዎች። ጉድ ያፈላው ይኼ የግመሉ ነው።

ያን ጊዜ ስኳር በሰልፍ፣ ሳሙና በሰልፍ ነው። የቀበሌው ሱቅ በር ላይ በየድንጋያችን ተራ ይዘን እንቀመጣለን፣ እና ምን ይወራል? ማን ታሰረ፣ ማን ጠፋ፣ ይኼ አይወራም፣ ጆሮ አለ። እና እኔ አውስትራሊያን አወራለሁ። ማን ይከለክለኛል አልኩ፣ ሞኝ! «ግመሏ ወደቀች፣ አቁማዳው ተተረተረ፣ ውኃው አሸዋ ላይ ፈሰሰ» ስል እነ አስካለ «ውይ በሞትኩት!» ይላሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሀገሩ ተወላጅ አንድ ጥቁር ሰውዬ ወፍ አሳያቸው። ትንንሾቹ ወፎች አመሻሹ ላይ ወዴት ይበራሉ? ወደ ውኃ። እነሱን ተከተሉ አላቸው። ተከተሉ፣ ውኃው ተገኘ። እና ነጭዬው ‹ውኃ አገኘሁ› ብሎ ኩሬውን በራሱ ስም ጠራው። ሰውየው እዚያው ተወልዶ ያደገበትን!»

«አያፍርም!» ትላለች አስካለ።

ታዲያ አንድ ቀን እትዬ ብርቄ ቤቴ ገቡ። ግድግዳ ነው የሚለየን፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ገቡና በሩን ዘጉት። ልደታ በቀን በር አይዘጋም እኮ!

«አንቺ ሙሉ፣ ያ የግመሉ መጽሐፍ ለአንድ ሰው በቀን ስንት ውኃ ይበቃዋል ይላል?»

«ለማን ነው እትዬ ብርቄ?»

«ለሰው።»

«ለየትኛው ሰው?»

አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ ገነት፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች። ሁለት ጓደኞቿ ታስረዋል። መሬት መሬት እያዩ «ቅዳሜ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ ከሰዎች ጋር በእግር ወደ ጅቡቲ» አሉኝ። እኔ ምን ልበል? አትሂድ ልበል? ብትቀርስ? መጽሐፉን አውጥቼ «እንግሊዝኛ ትችላለች፣ ራሷ ታንብበው» አልኩ። በማግስቱ በነጠላ ተጠቅልሎ ተመለሰ፣ እኔም ሳልገልጠው ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት። ሳልገልጠው! ይኼን ያዙልኝ።

እና ረቡዕ ጠዋት አብዮት ጠባቂው መጣ። «ጓድ ሙሉነሽ፣ ሊቀመንበሩ ይፈልጉሻል፣ ከነግመሉ መጽሐፍ።» ከነመጽሐፉ! በሰልፉ ውስጥ ጆሮ ነበረ ማለት ነው። እስከዛሬ የማን ጆሮ እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ለታ ግን ሁሉንም ጠረጠርኩ፣ አስካለን ሳይቀር።

ሊቀመንበራችን ጓድ ታፈሰ ነበር፣ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ፀጉር አስተካካይ። ወንድሞቼን ሁሉ የላጨ ሰው፣ አሁን ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል።

«በሰልፍ ላይ፣ ሰው በረሃ አቋርጦ እንዴት እንደሚኮበልል ታስተምሪያለሽ አሉ።»

«የአውስትራሊያን ታሪክ ነው የማወራው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አውስትራሊያ የማን ወገን ናት?»

«የበግ» አልኩት። ምላሴ! ጠባቂው ሊስቅ ሲል ጓድ ታፈሰ ዞሮ አየው፣ ሳቁን ዋጠው።

«አንብቢ። እያንዳንዱን ቃል ወደ አማርኛ።»

እና አነበብኩ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ድምፄ እየረጋ መጣ። ግመሏ ስትወድቅ ጓድ ታፈሰ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ታዲያ የወፎቹ ገጽ ደረሰ፣ ገለጥኩት፣ እና ምን ባይ ጥሩ ነው? ዳር ላይ በእርሳስ፣ በጥንቁቅ የተማሪ ጽሕፈት፦ «ከድሬዳዋ አምስት ቀን። በቀን አራት ሊትር። ወፎቹን አትርሺ።» በአማርኛ! ሰውየው እንግሊዝኛ አያነብም፣ አማርኛ ግን ከኔ እኩል ያነባል።

መዳፌን ጽሕፈቱ ላይ አሳረፍኩና የወፎቹን ነገር እንደምንም ጨርሼ ሁለት ገጽ ባንድ ላይ ገለበጥኩ።

«ሁለት ነው የገለበጥሽው» አለ።

«ተጣብቆ ነው ጓድ፣ ዘይት ነክቶት።»

«እኔ የሰው ጆሮ ሳልቆርጥ ሃያ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። እጅሽን አያለሁ።» አየኝ፣ አየኝና «መጽሐፉ እዚህ ይቆይ። ሰኞ ነይ» አለ።

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። በቀጥታ እትዬ ብርቄ ዘንድ ገባሁና «ቅዳሜ የለም፣ ነገ ትሂድ» አልኳቸው።

«ስንቁ አልደረሰም እኮ!»

«እትዬ ብርቄ፣ ጽሕፈቷ ቀበሌ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው!»

እኚያ ሴት አልጮኹም። የልጃቸውን ጫማ አነሡና ሶሉን በጣታቸው ተጫን ተጫን አደረጉት፣ ይጸና እንደሆን። ሐሙስ ጠዋት ገነት ወጣች፣ እኔን እንኳ ሳትሰናበት፣ ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ዘንቢል ይዛ።

ከዚያ እስከ ሰኞ መኪና በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር እኔ ተነሥቼ እቆማለሁ። ሰኞ ሄድኩ። ጓድ ታፈሰ ጠባቂውን «ውጣ» አለው። በቃ አልኩ፣ አለቀልኝ።

«እነዚያ ወፎች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁሉም ወፍ ነው ወይስ የተለየ አለ?»

ወጥመድ መሰለኝ። «መጽሐፉ እንደሚለው ትንንሾቹ፣ ፍሬ ለቃሚዎቹ ናቸው። ሥጋ በላዎቹን መከተል አይጠቅምም።»

«ሥጋ በላዎቹን መከተል አይጠቅምም» አለ፣ እንደ ዳዊት ደገመው። ከዚያ መጽሐፉን ገፋ አደረገልኝ። «ውሰጂ። በሰልፍ ላይ አፍሽን ዝጊ።»

ቤቴ ገብቼ ገለጥኩት። ገጹ የለም። አልተቀደደም፣ ከሥሩ በምላጭ ተቆርጧል፣ እንደ ተላጨ ጺም ንጽት ብሎ። እንግዲህ ማስረጃ ይዞብኛል ማለት ነው! ያን ወር ምን ብዬ ልንገራችሁ? ልብሴን ለብሼ ነው የምተኛው፣ ሲያንኳኩ እንዳልደናበር። ሰልፍ ላይ እንደ ድንጋዬ ዝም አልኩ። አስካለ ብቻ አንድ ቀን «እናንተ፣ ይኼ ሊቀመንበር ደህና ነው? አመሻሽ አመሻሹን ቀበሌው በር ላይ ቆሞ ወፍ ያያል» አለች። እኔ ቀና አላልኩም።

እና አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አብዮት ጠባቂው ነው።

«ጓድ ታፈሰን አይተሻል?»

«ምነው?»

«ከታየ ሦስት ቀኑ። ሽጉጡን መሳቢያ ውስጥ ትቶ የኔን የውኃ ኮዳ ይዞ ጠፋ! የኔን ኮዳ!»

በሩን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅኩትም።

የገነት ነገር ግን ገና ነበር። እትዬ ብርቄ ስምንት ወር ሙሉ በእኔ በኩል ያለውን ግድግዳ አንኳክተው «ሙሉ፣ መጽሐፉ አራት ሊትር ነው ያለው አይደል?» ይሉኛል፣ በየቀኑ፣ «አራት ነው እትዬ ብርቄ» እላለሁ። ታዲያ በሰው እጅ ደብዳቤ መጣ። እሳቸው አያነቡም፣ እኔ አነበብኩላቸው። «እማዬ፣ ጅቡቲ ደርሻለሁ። ለእትዬ ሙሉ ወፎቹ እውነት ናቸው በያት። አራት ሊትሩ ግን አይበቃም። አንድ ቀን የውኃ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ማን ቆሞ ባይ ጥሩ ነው? ሊቀመንበራችን! ከስቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ኮዳ ይዞ። ጓድ ልበለው ወይስ ጋሼ? እሱ ግን ምንም አላለኝ፣ ‹ያቺ ሴትዮ ታሪኩን ሳትጨርስልኝ ቀረች፤ ለመሆኑ ሰዎቹ ዳኑ?› ብቻ ነው ያለኝ።»

እትዬ ብርቄ ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው ገለበጡት፣ ጀርባው ላይ የቀረ ነገር ይኖር እንደሆን።

«እና ዳኑ እንዴ?» አለች ሜሮን፣ የእትዬ ብርቄ የወንድማቸው ልጅ፣ ደብዳቤው ሲነበብ እዚያው ከጎኔ ተቀምጣ የነበረችው።

«መጽሐፉ ይኸው» አልኳት፣ «እንግሊዝኛ ተምረሻል፣ አንብቢ። አንድ ገጽ ብትጎድልሽ እንዳትቆጪኝ፣ የአክስትሽ ልጅ ተጠቀመችባት፣ ቀጥሎ ደግሞ ሊቀመንበሩ።»

«አንብበሽ ንገሪና እትዬ ሙሉ።»

«አልናገርም፣ እናቴ ትሙት! ባለፈው ስናገር ሊቀመንበር አስኮበለልኩ።»