ጎረቤቶቼ መርከብ ሲሳፈሩ

እዚህ በስደት በምንኖርበት ኬኒንግተን ጎረቤቶቼ የሆኑት ጋሽ ተስፋዬና እትዬ ጽጌ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ ካሪቢያንን ሊዞሩ ነው ሲባል፣ ማስረዳት አይደል የምወደው፣ ሳልጠራ ሄድኩላቸው። እትዬ ጽጌ ሻንጣው አጠገብ ጭፍግግ ብለው ተቀምጠዋል። ባሕር የፈሩ መሰለኝና ያን የሚያህል ብረት ለምን እንደማይሰጥም፣ ማዕበል ሲመጣ እንዳይወዛወዝ ከጎኑ ክንፍ የመሰለ ነገር እንደሚያወጣ፣ ከዩቲዩብ የለቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ባሕሩን መች ፈራሁ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ ሌሊት አውቶቡስ ይነዳል፣ እኔ ቀን ኬር ሆም አረጋውያን እንከባከባለሁ። ዕረፍታችን እንኳ አይገጥምም፤ በር ላይ ነው የምንተላለፈው። አሁን ሰባት ቀን ሙሉ ምን እናወራለን?»

ሲመለሱ ስለ ደሴቶቹ ልጠይቅ ሮጥኩ። «ደሴቱን ተወው» አሉኝ እትዬ ጽጌ። «ሁለት ቀን ዝም ብለን ባሕር ስናይ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ሻይ ሊቀዳልኝ ተነሣና ‹ስኳር ስንት ላድርግልሽ?› አይለኝም! በሃያ ዓመት ትዳር!»

ጋሽ ተስፋዬ ከሶፋው ላይ ሆነው «እሷስ የኔን መች ታውቅ ኖሯል?» አሉ።

«አላውቅም ነበር» አሉ እትዬ ጽጌ፣ ሳይስቁ። «ከዚያማ አንዱን ጥያቄ ስንጠያየቅ ሌላው እየመጣ፣ የቀረው ቀን አልበቃንም።»

ጋሽ ተስፋዬ ስልካቸውን አቀበሉኝ። «ወደ ቀን ሺፍት ለመዛወር አፕላይ እያደረግሁ ነው፤ እስቲ ፎርሙን ቼክ አድርግልኝ።»