እምቢ ያለችው የጫጩት ማስፈልፈያ

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን የሰበታ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ዲኖ ወደ ወይዘሮ ሬሐና የጫጩት ማስፈልፈያ በእግሩ ሲጣደፍ፣ ሊያያት የማይፈልጋትን ሲድራን መንገድ ላይ አገኛት። የማስፈልፈያውን ሙቀትና እርጥበት የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ግን ወይዘሮዋ አሻሽይልኝ ብለው ለዚህች አዲስ ምሩቅ ሰጧት። ከዚያ ወዲህ እህል አልጣመውም።

«አካም ጅርቱ ጋሽ ዲኖ! አንቱም በእግር?»

«መኪና ካየሽ ንገሪኝና ልሳፈር።»

«መብራት ጠፍቶ መጣ፣ የሙቀቱ ቁጥር እንደገና ይሞላ ብለው ወይዘሮ ሬሐና ደወሉልኝ።»

«ለእኔም ደውለዋል» አለ። ለሁለቱም መደወላቸው አንገበገበው። «ፕሮግራሜን ቆለፍሽው አሉ?»

«አልቆለፍኩትም። የሙቀቱን ዳታ ለብቻው እንደ ጓዳ በሆነ ክላስ ውስጥ ከልዬ፣ በፕሮፐርቲ በኩል ብቻ እንዲነበብና እንዲቀየር አደረግኩ።»

«እኔ ከየትኛውም የፕሮግራሙ ክፍል ሆኜ ሙቀቱ ይህን ይሁን ስል እሺ ይለኝ ነበር!»

«ያስፈራኝ እሺታው ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እትዬ ራቢአ ሱቅ ደንበኛ ራሱ ገብቶ ከጆንያው ስኳር ይዘግናል?»

«ሚስቴ ልትፈቅድ! በመስኮት ይጠይቃል እንጂ።»

«የጠየቀውን ሁሉስ ይሰጡታል?»

«የማይሆነውን አይሆንም ትለዋለች።»

«ፕሮፐርቲም ያ መስኮት ነው። ማየት የፈለገ ይጠይቃል፤ መቀየር የፈለገም ይጠይቃል፤ የማይሆን ቁጥር ግን ከመስኮቱ አያልፍም።»

«ሱቅ ሌባ ይፈራል። እኔ ማንን ልፍራ? የገዛ እጄን?»

ሲድራ መንገዱን የዘጋውን ድንጋይ ተሻግራ እርምጃዋን ቀጠለች።

ቅናት ጆሮ እየሰማ ልብ ይዘጋል። ምሳሌው ለዲኖ በደንብ ገብቶታል፤ የከነከነው ያን የተናገረው እሱ ራሱ አለመሆኑ ነበር።

ወይዘሮ ሬሐና በር ላይ ጠበቋቸው። «መጣሽልኝ የኔ ልጅ!» ብለው ሲድራን አቀፏት። «እንቁላሎቹ ዛሬ ነገ የሚፈለፈሉ ናቸው። መንገዱ ተዘግቶ ሌላ እንቁላል ከየት አመጣለሁ?»

ዲኖ ቀድሟት ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ከተቃቀፉት ሴቶች አልተነቀለም። ሠላሳ ሰባት ሊያስገባ ሰባ ሦስት ብሎ መታው።

ማሽኗ አልታዘዘችውም። «ከ36 እስከ 39 ብቻ» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ሙቀቱም ንቅንቅ አላለም።

ዲኖ የመታውን ቁጥር ገና አሁን አየው። የድሮው ፕሮግራሙ ቢሆን እሺ ብሎ እንቁላሉን ሁሉ ይቀቅለው ነበር። ቀና ሲል ሲድራ ታየዋለች፤ ለወይዘሮዋ ግን ትንፍሽ አላለችም። ቁጥሩን አስተካክሎ አስገባ።

«የእርጥበቱ ዳታም ገና እንደ ድሮው ክፍት ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬውኑ መስኮት እናብጅለት። የእሱን ግን እኔ ልጻፈው።»

«ደስ ይለኛል ጋሽ ዲኖ። ነገ ቴርሞሜትሩ ቢቀየር እንኳ የክላሱን ውስጥ ብቻ እናስተካክላለን፤ የቀረውን ፕሮግራም አንነካም።»

«ስህተት ሲመጣም የምንፈትሸው አንድ ቦታ ብቻ ነው» ብሎ ጨመረ፤ ይህችን እንኳ ቀደማት።

ጫጩቶቹ መንገዱ ሳይከፈት ተፈለፈሉ። ጎረቤት ሲድራን ሲያመሰግን ዲኖም አብሮ አመሰገነ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እርጥበቱን ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።