«ወተት» የተጻፈባቸው ቀኖች

— ሄሎ... አዎ፣ ቨርሊን ነኝ። ኮይ? አንተ ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ቢሮ ስትደውል ደግ ነገር የለም። ንገረኝ፣ ተቀምጫለሁ።

— የልጄን የካሳ ማመልከቻ አልተቀበሉትም። አውቄው ነበር።

— ምን? የጦርነት ጭንቀቱን አምነው፣ ራስ ምታቱ፣ ማይግሬኑ ግን ከእሱ የመጣ አይደለም? ታዲያ ከየት መጣ፣ ከእኔ የበቆሎ ዳቦ?

— ለመርማሪው ሐኪም «ደህና ነኝ ጌታዬ» አለው? ኮይ፣ ይሄ ልጅ ኢራቅ ከሄደ ጀምሮ ለሁሉም የሚለው እሱኑ ነው። እግሩ የተሰበረ ቀንም «ደህና ነኝ ጌታዬ» ነበር ያለው። አንተም ወታደር ነበርክ፣ ያው ነህ። አትሳቅ።

— (ዳሬል፣ ተኛ ልጄ። ኮይ ነው... ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አታውርደው፣ ብርሃን ይገባብሃል።) ሰምቶናል። «ተዪው እማ» እያለ ነው።

— አንተም ተዪው ትላለህ? ...አልተውም። አሁን የሚከፍሉትን አበልም ይነጥቁታል ብዬ እፈራለሁ። እየፈራሁም አልተውም።

— ማስረጃ ከየት ላምጣ? እናቱ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም... የእናት ቃልም ይቀበላሉ? ይሄን ዛሬ ነው የምትነግረኝ?

— ቆይ... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? የከብት መኖ ሱቁ የሰጠንን ካላንደር ከግድግዳ አውርጄ ነው። «ወተት» የሚል ተጽፎበታል። የሚገዛ አይደለም፣ የተበላሸ ነው። ራሱን ሲያመው የፍሪጁን ድምፅ አይችለውም፤ ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ፣ ወተቱ ይበላሻል... ባለፈው ወር? ሰባት ጊዜ። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ።

— ከዚያ በፊት ባለው ቀን? «ጮኸ» ይላል። ያ ኢራቅ የተቃጠለው መኪና በሕልሙ ሲመጣበት ይጮሃል። ጎረቤት ፖሊስ ቢጠራ መልስ እንዲኖረኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

— ላንብብልህ? «ጮኸ»፣ በማግስቱ «ወተት»። «ጮኸ»፣ «ወተት»። «ጮኸ»... አዎ ኮይ፣ ሁልጊዜ ራሱን የሚያመው በጮኸ ማግስት ነው።

— ...እሺ። ይግባኙ ላይ አያይዘው። ማይግሬኑ ከጭንቀቱ ነው የሚል ደብዳቤም የአእምሮ ሐኪሟን አስጽፌ አመጣለሁ። ጊዜ የለኝም ካለች በሯ ላይ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሹራቤንም እሠራለሁ።

— እሱን ልጠይቅልህ? እሺ። (ዳሬል፣ ኮይ እንዴት ነህ ይልሃል... እንደሱ አትበል። ጌታዬ የሚባል ሰው እዚህ የለም። እውነቱን ንገረው።)

— ...

— ሰማኸው? «ደህና አይደለሁም» አለ። ከተመለሰ ስድስት ዓመቱ፣ ገና ዛሬ አለ። ጻፈው ኮይ፣ ቀኑንም ጻፍ... በል ቻው፣ ፍሪጁን ልነቅል ነው።