የመምህር ደመላሽ ዝም ማሰኛ

የአራተኛ ክፍልን ትምህርት ሊያዩ የመጡት የወረዳ እንግዶች ገና ከግቢው እንደወጡ፣ በማስተማር ያረጁት መምህር ደመላሽ የቀድሞ ተማሪያቸው የሆነችውን የርዕሰ መምህርት ትርንጎን ቢሮ በር በንዴት በርግደው ገቡ።

ደመላሽ፦ በእንግዳ ፊት አዋረድሽኝ! እኔ ሰሌዳውን በዱላ ስደበድብ ዞር ብሎ ያየኝ የለም፤ አንቺ ከበር ላይ እጅሽን ብታነሺ፣ ሁሉም እጁን አንስቶ ጸጥ!

ትርንጎ፦ አዲሱ ዘዴ ነው፣ ጋሼ። የመምህሩን እጅ ያየ ልጅ እጁን ያነሳል፣ አፉን ይዘጋል። ለመምህራኑ ሳሳይ እርስዎ «የሕፃን ጨዋታ» ብለው ጥለው ወጡ።

ደመላሽ፦ እና ከጀርባዬ ልጆቼን አሠለጠንሽ?

ትርንጎ፦ በየዕረፍቱ። እርስዎ ሻይ ሲጠጡ።

ደመላሽ፦ እንግዳ የሚመጣበትንም ቀን ጠብቀሽ!

ትርንጎ፦ ጠብቄ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የጠበቅኩት።

ደመላሽ፦ ምን በድዬሽ? ጎበዝ ተማሪዬ ነበርሽ፤ አንድ ቀን እጄን አላነሳሁብሽም።

ትርንጎ፦ እኔን አይደለም። ይርዳውን ያስታውሱታል?

ደመላሽ፦ የትኛውን ይርዳው?

ትርንጎ፦ ታናሽ ወንድሜን። ክፍሉ በተንጫጫ ቁጥር፣ ያውራም አያውራ፣ ብድግ አድርገው ዴስክ ላይ የሚያቆሙት። «ይሄን እያያችሁ ዝም በሉ» ይሉ ነበር።

ደመላሽ፦ ሱሪው ላይ የሸናው ልጅ...

ትርንጎ፦ እሱ። ልጆቹ ሳቁ፤ እርስዎም አብረው ሳቁ። በማግስቱ ደብተሩን ጥሎ ጋሪ ነጂ ሆነ።

ደመላሽ፦ ያኔ ሁላችንም እንዲያ ነበርን፣ ትርንጎ። ያን ሁሉ ልጅ በምን ዝም ታሰኚዋለሽ?

ትርንጎ፦ በምን እንደሆነማ ዛሬ አዩት።

ደመላሽ፦ በቃ፣ አንጀትሽ ራሰ? ዝውውሬን ፈርሚልኝና ከፊትሽ ልጥፋልሽ።

ትርንጎ፦ አልፈርምም። የይርዳው ልጅ ሰኞ እርስዎ ክፍል ይገባል።

ደመላሽ፦ ይርዳው ፈቅዶ? ለእኔ?

ትርንጎ፦ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ነበር። ቅድም ግን ጠርቼው፣ በመስኮት ሆኖ እርስዎ በእንግዳ ፊት ሲንተባተቡ አየ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ።

ደመላሽ፦ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቅለታለሁ፤ ንገሪልኝ።

ትርንጎ፦ ራስዎ ይነግሩታል። የመዘገብኩት ልጁን ብቻ አይደለም፤ አባትየውም አራተኛ ክፍልን ካቋረጠበት ሊቀጥል ሰኞ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል።